ከሱባኤ ጎጆ እስከ ባሕር ዳር፦ የአክስቴ እግር

ፍኖተ ሰላም፣ ንጋት

ከመናኸሪያው ስንወጣ ዝናቡ አላባራም። ሚኒባሱ እርጥብ ጋቢና ናፍጣ ይሸታል። ከጣሊያን፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ከምሠራበት አገር የመጣሁት፣ የፍልሰታን ጾም ካሳደጉኝ አክስቴ ጋር ልፈታ ነው። ቀበቶ ስፈልግ ያየኝ ሾፌር፣ «እትዬ፣ እዚህ ቀበቶው ማተብዎ ነው» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። እኔም ማተቤን ይዤ ሳቅሁ።

ቡሬ፣ ረፋድ

ገበያ ነው። ጭቃ፣ ዣንጥላ፣ የድንች ክምር፣ ጥብስ በቆሎ በሁለት ብር። ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ለአክስቴ ነጠላ ገዛሁ፤ ሱባኤ መግባታቸውን ስነግራቸው፣ ለእኛም ይጸልዩልን ብለው ዋጋ ቀነሱልኝ። ሾፌሩን በኮንትራት ይዤ ጠጠሩ መንገድ እስከሚያልቅበት ሄድን። ጾሙ እስኪፈታ ቀናት ስለቀሩ ለዛሬ ሰላም ብዬ ልመለስ ነበርና እዚያው እንዲጠብቀኝ ተስማማን።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ

አክስቴን ያገኘኋቸው በሱባኤ ጎጆአቸው፣ ግራ እግራቸውን እሳት ዳር ዘርግተው ነው። ጠዋት ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ እግራቸውን ድንገት ሕመም ያዛቸው። ጎረቤቶቻቸው ብርድ ነው ብለው እያሞቁ በኑግ ዘይት ያሻሉ፤ ጾም ነውና ቅቤ አይነካም።

ዳሰስሁት። እሳት አጠገብ ሆኖ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ነጥቷል። ጣቶቹ አይታዘዙም፤ ተረከዛቸው ሲለበለብ አልተሰማቸውም። በቀኝ እግራቸው ጀርባ ላይ የደም ሥር ትመታለች፤ የግራው ዝም ብሏል። የእጃቸው ምት ደግሞ ከበሮ ገና እንደሚለማመድ ዲያቆን ነው፤ ይዘላል፣ ይደርባል።

ይህን ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ከልብ የተነሣ የረጋ ደም የእግርን ሥር ይዘጋል። ያን ጊዜ እሳትም፣ ማሸትም፣ እግርን ከፍ ማድረግም ይጎዳል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተከፈተ እግሩ አይተርፍም። ከእሳቱ አራቅሁትና በአዲሱ ነጠላ ላላ አድርጌ ጠቀለልሁት።

አክስቴ ግን እንቢ አሉ። ሱባኤ የገባ ሰው እስኪፈታ ከግቢ አይወጣም።

«እመቤቴን ጥላ ሄደች ከምባል እግሬ ይቅር» አሉ።

እኔም ሱባኤ ማስፈታት ያስፈራኛል። ወደ ንስሐ አባታቸው ሮጥሁ።

አባ ጎንበስ ብለው ሁለቱን እግሮች ተራ በተራ ዳሰሱ። ከዚያ አክስቴን በክርስትና ስማቸው ጠርተው፣ «ወለተ ማርያም፣ የገባሽው ለጎጆዋ ነው ለእመቤታችን?» አሉ።

«ለእመቤታችን» አሉ አክስቴ።

«እንግዲያው ሂጂ። የቀረውን ሱባኤ እኔ እይዝልሻለሁ።»

አባ ለአክስቴ ጠበል ሊያጠጧቸው ሲሉ፣ ምናልባት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ሆድ ባዶ ቢሆን ይሻላል አልኋቸው። አባም ሳይከፋቸው ጠበሉን አክስቴ ፊት ላይ ረጩት። ለጸሎት የመጡት ወንዶች በቃሬዛ እየተቀባበሉ መኪናው ድረስ አወረዱልን።

ዱርቤቴ፣ ከሰዓት በኋላ

የከብት ገበያው ተበትኖ መንገዱን በሬ ሞልቶታል። ሾፌሩ ቀልዱን ትቶ በመስኮት ይለማመጣል። ገበሬዎቹ በሬዎቻቸውን በዱላ እየገፉ፣ እግዜር ይማርልን እያሉ አሳለፉን። አክስቴ ከሕመሙ ብዛት ነጠላቸውን ነክሰዋል።

ባሕር ዳር

ሆስፒታል የተቀበለችን ወጣት ሐኪም መቼ እንደጀመራቸው፣ መቼ እንደበሉ ጠየቀች። ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሱም አልኋት።

«ጾሙ ጠቀመን» አለች። የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት በደም ሥራቸው ሰጥታ ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባቻቸው። የረጋውን ደም በብሽሽታቸው በኩል አወጣች።

በማግሥቱ እጄን እግራቸው ላይ አደረግሁ። ሞቋል። ሥሯም ትመታለች። እሳቱ የለበለበው ተረከዛቸው እንደሚያቃጥላቸው ሲነግሩኝ አምላኬን አመሰገንሁ፤ የሚያማቸው እግር አላቸው።

«ሂጂና ለአባ ሞቋል በያቸው» አሉኝ።

ወደ ጎጆው

ያው ሾፌር አመጣኝ። አባን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፈልጌ አጣኋቸው። ያገኘኋቸው በአክስቴ ጎጆ ነው፤ በአክስቴ አጎዛ ላይ ተቀምጠው፣ ለአክስቴ የቀረውን ጸሎት እያደረሱ።

«ሞቋል» አልኋቸው።

አንገታቸውን ደፍተው አማተቡ። ከዚያ ጸሎቱን ካቆሙበት ቀጠሉ።