ከጠረጴዛዋ ጀርባ የቆመው መወልወያ

የዓለምወርቅ በሰው አገር፣ ቢየርቪካ በሚባል ሰፈር፣ ቢሮ እያጸዳች ድረ ገጽ መሥራት ተማረች፤ እዚያው ሕንጻ ውስጥም ተቀጠረች። የመጀመሪያ ሥራዋን፣ አንድ የአማርኛ ገጽ፣ አለቃዋ ቶርስታይን በስልኩ ሲከፍተው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ ፎንቱ፣ ያለው በእሷ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር፤ ከገጹ ጋር አላያያዘችውም። ሰውየው ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ወደ መወልወያሽ ተመለሺ» ብሎ ሳቀባት።

አልተመለሰችም። መወልወያዋን አምጥታ ከጠረጴዛዋ ጀርባ አቆመችው። ሦስት ዓመት ቆመ።

ቶርስታይን ረሳው፤ የወጋ ይረሳል። ዘንድሮ ለቲቤቶች ማኅበር ገጽ ሲሠራ፣ የቲቤትኛውን ፎንት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ጭኖ ተወው። እሷ አየች። ትንፍሽ አላለችም።

በርክክቡ ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ አንድ አዛውንት መነኩሴ፣ ገጹን በአሮጌ ስልካቸው ከፈቱት። ባዶ ሳጥን ብቻ! ቶርስታይን ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

የዓለምወርቅ ፎንቱን አያይዛ በድብቅ የሠራችውን ገጽ በዚያው ስልክ ላይ ከፈተችላቸው። አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡት የቲቤትኛ ፊደሎች ቁልጭ ብለው ታዩ፤ መነኩሴው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

እሳቸው እያነበቡ ሳለ መወልወያውን አንስታ ለቶርስታይን አስጨበጠችው።

«እንካ» አለችው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ያስቀመጥኩት ላንተ ነው።»