በክርስትና ስሜ የተገዛው አክሲዮን

ዓለሚቱን አንቱ ማለት የተውኩት በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የክርስትና እናቴ ስለሆነች፣ ቤታችን ስትገባ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ "እንዴት ዋሉ?" እል ነበር። አሁን ስለ እሷ ስጽፍ ግን አንቱታው እጄ ላይ አልመጣ ይለኛል። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሰው ካለ እሷ ትጠይቅ።

ታሪኩ ግን የእናቴ ነው። እናቴ ሙሉመቤት ንፋስ ስልክ አካባቢ ባለ የምስማር ፋብሪካ ውስጥ ክበቡን ተኮናትራ ሠራተኛውን ምሳ ታበላ ነበር። ቤታችን ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ነው። ሽቦ እየቆረጠ ምስማር የሚያወጣው ማሽን ጠዋት ሥራ ሲጀምር ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። ጎረቤቱ ሁሉ በጩኸቱ ይማረራል። እናቴ ግን የምትጨነቀው ማሽኑ ዝም ያለ ቀን ነው፤ "ምን ነካቸው ዛሬ?" እያለች አጥሩ ድረስ ሄዳ ታዳምጣለች።

ዓለሚቱ የፋብሪካው ባለቤት የፈረንጁ ጸሐፊ ነበረች። ደብዳቤዎቹን ሁሉ በታይፕ የምትመታው እሷ ናት። ምሳዋን ጓዳ ገብታ ከእናቴ ጋር ትበላለች። እኔ ስወለድ ክርስትና አነሳችኝና አበልጅ ሆኑ። አበልጅ እኛ ቤት ከእህት ይበልጣል። እናቴ ከገዛ እህቷ ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፋ ታውቃለች፤ ከዓለሚቱ ጋር ግን ክፉ ቃል ተለዋውጣ አታውቅም።

በ1967 ጥቅምት መጨረሻ እናቴ እቁብ ወጣላት፤ ስምንት መቶ ብር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና ሁለት ወሩ ነው። አባቴ ከሞተ ደግሞ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። እናቴ ገንዘቡን ለእኔ ነው ያሰበችው፤ ያኔ የሚበላ ሳይሆን እኔ ሰው ስሆን የማገኘው እንዲሆን። ወርቅ ልግዛበት ወይስ ጓሮ ሁለት ክፍል ልሥራበት ብላ አበልጇን አማከረች።

"አክሲዮን ግዢበት" አለቻት ዓለሚቱ። "አሥር አሥራ አምስት ዓመት ዞር ብለሽ አታይውም፤ እሱ እዚያው እየወለደ ይቆይሻል። ወንድሜ ላቀው እንኳ ከጄኔቭ 'ገንዘብ ያላችሁ ወደ ውጭ አውጡ፣ እዚህ ግዙ' እያለ ይጽፋል።"

እናቴ ሳቀች። "ሄጄ ያላየሁት አገር ያለ ገንዘብ ቢጠፋ የማንን በር ላንኳኳ ነው? አንቺስ ያንቺን ወደ ውጭ ልታወጪ ነው?"

"እኔ? እዚሁ ነዋ! ከፋብሪካችን ወዴት እሄዳለሁ? የዚህን ማሽን እኮ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ትሰሚዋለሽ።"

እናቴን የረታቻት ይቺ አነጋገር ናት። የልቧን በር ታውቀው ነበር። "የሚሸጥ ሰው አለ፤ እኔ እጨርስልሻለሁ" ብላ በሳምንቱ ማኅተም ያለባቸው ስምንት ወረቀቶች አመጣችላት። እናቴ ወረቀቶቹን በአባቴ ሻንጣ ቆልፋ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ ብርድ ልብሴን ገለጥ አድርጋ "ስሚው፤ ያንቺ ነው" ትለኛለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምስማሩ ሁሉ የእኔ መስሎኝ ትምህርት ቤት ስፎክርበት ከረምኩ።

ጥር ላይ በሬዲዮ አዋጁ ተነገረ። ፋብሪካው ተወረሰ። ፈረንጁ ከገና በፊት ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። ባለ አክሲዮኖች ካሳ ይከፈላችኋል፣ ወረቀታችሁን አምጡ ተባለና እናቴ አስረክባ ደረሰኝ ይዛ ተመለሰች። ክበቡም የሠራተኛ ማኅበሩ ሆኖ እናቴ በገዛ ምድጃዋ ላይ ደመወዝተኛ ወጥ ሠሪ ሆነች። ዓለሚቱ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ተደረገች።

"አይዞሽ አበልጄ፣ ጠብቂ። መንግሥት የደሃ ገንዘብ አያስቀርም" ትላት ነበር ዓለሚቱ። ለኅዳር ሚካኤል በየዓመቱ ለእኔ ቀሚስ ይዛ ትመጣና ይህንኑ ትላለች። እናቴም ዘጠኝ ዓመት ጠበቀች። እኔ ካደግሁ በኋላ "ለምን ሄደሽ አትጮኺም?" ስላት "እሷም እኮ እንደኔ ተቃጥላለች፤ ቁስሏን ልነካባት?" ትለኛለች። እንዲያውም ለበዓል ቅቤ ስትገዛ ከፍላ ትልክላት ነበር፣ አክሲዮኗ ለተወረሰባት ለዓለሚቱ።

በ1976 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ዓለሚቱ ከቀሚሱ ጋር ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች።

"ብርነሽዬ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ። በክርስትና ስምሽ ነው፤ ወለተ ሚካኤል ብለሽ። ነገ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ይወስድልኛል።"

ግራ ገባኝ። ያ ስም ስቆርብ ካልሆነ ተጠርቶ አያውቅም። ከእኔ ሌላ የሚያውቁት እናቴ፣ ንስሐ አባታችንና ክርስትና ያነሳችኝ ዓለሚቱ ናቸው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ዓለሚቱ እኔን ገና ቀሚስ የምትለካ ሕፃን አድርጋኝ ኖሮ እንደማነብ ረስታዋለች። ጮክ ብዬ እየተረጎምኩ አነበብኩት። ወለተ ሚካኤል ወጋየሁ ጄኔቭ በሚገኝ ባንክ በኩል የአንድ የመድኃኒት ኩባንያ አክሲዮን አላት። የተገዛው በፈረንጆች ዲሴምበር 1974 ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ኅዳር 1967። የተከፈለው የእኛው ስምንት መቶ ብር ያህል ሲሆን አሁን ከአራት እጥፍ በላይ ሆኗል።

እናቴ ብድግ ብላ ዓለሚቱ አንገት ላይ ተጠመጠመች። "አበልጄ! ለልጄ አስቀምጠሽላት ኖሯል! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፍነሽው!" እያለች አለቀሰች። እኔ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። በስሜ ያለውን ሁሉ ለላቀው አስተላልፌያለሁ ይላል።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ" አልኳትና አነበብኩላት።

ዓለሚቱ መሬት መሬት እያየች መናገር ጀመረች። "በእኔ ስም ማድረግ አልቻልኩም። እዚህ ሆነሽ ውጭ ገንዘብ ቢገኝብሽ ምን እንደሚያደርጉሽ ታውቂያለሽ።"

"ብርነሽ ላይስ ቢገኝ?"

"ያኔ ልጅ ነበረች። ደግሞ የክርስትና ስሟን ማን ያውቃል? አሁን ግን አድጋለች፤ ለራሷም አደጋ ነው። እኔ ለእሷው ብዬ ነው።"

ዓይኗን በጨው አጥባ ለእኔ ማሰቧ ነበር! እናቴ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበረች።

"ያኔ የሚሸጥ ሰው አለ ያልሽኝ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። አክሲዮኑ የኔ ነበር።"

"ፈረንጁ ሊሄድ እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

"ደብዳቤውን የመታሁት እኔ ነኝ" አለች ዓለሚቱ።

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እኔ እኮ አዘንኩልሽ" አለቻት። "አብረን የተቃጠልን መስሎኝ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አዘንኩልሽ።"

ወረቀቱን ልቀድደው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ፈርሚላት።"

"እማዬ!"

"ፈርሚ አልኩሽ። ብሩን ትብላው። ስምሽ ግን አንድ ቀን እንኳ እዚያ እንዲያድር አልፈልግም።"

ፈረምኩ። ያንን ስም በእጄ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነበር። ዓለሚቱ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች፤ አልሸኘናትም። ቀሚሱ ወንበሩ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ እኔን አስከትላ መካኒሳ ንስሐ አባታችን ቤት በእግር ሄደች። ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ "አባ፣ የክርስትና ስም ይቀየራል?" አለቻቸው።

"አይቀየርም፣ ልጄ።"

"የክርስትና እናትስ?"

አባ እኔንም እሷንም አዩና "እሷም አትቀየርም" አሉ።

ተመልሰን ፋብሪካው አጥር ጋ ስንደርስ ማሽኑ እየሠራ ነበር። እናቴ ቆም ብላ አዳመጠችው።

"ፋብሪካውን በአንድ ቀን አዋጅ ወረሱብኝ" አለች። "እሷን የሚወርስልኝ መንግሥት ግን የለም።"

ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ክበቡ ገባች፤ የሠራተኛው ምሳ ሰዓት እየደረሰ ነበር።