ዶክተሩ ያስተነፈሳቸው ባትሪዎች

ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ሥራው ስልክ መጠገን ነው፤ እጁ ላይ ሞቶ የቀረ ስልክ የለም ስለተባለ ቅጽል ስሙ ጸደቀለት። እሱም ወዶታል፤ ሙገሳ ማን ይጠላል?

ታዲያ ይህ ዶክተር አንድ ክፉ አመል ነበረው። ባትሪ አብጦ የስልኩን ጀርባ ሲገፋ አውጥቶ በአዲስ አይቀይረውም። በመርፌ ጫፍ ወጋ፣ ጋዙን አስወጥቶ በጣቱ ጫን፣ በፕላስተር ለጠፍ አድርጎ ይመልሰዋል። «አስተነፈስኩት» ይላል። ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ለማወቅማ ያውቃል። ያበጠ ባትሪ ውስጡ እንደተበላሸ፣ ከተበሳም ዛሬ ባይሆን ነገ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል ሙያውን ያስተማረው ሰው ደጋግሞ ነግሮታል። ግን ደንበኛን «አዲስ ባትሪ እስኪመጣ ጠብቅ» ማለት ስሙን የሚያጎድፍበት ይመስለው ነበር።

ባለፈው ወር የአክስቱንም ስልክ እንዲሁ አስተነፈሰ። እናቱ ስትሞት ያሳደገችው ይህቺ አክስቱ ናት፤ ልብስ ሰፊ። ስልኩ ቻርጅ ላይ እንዳለ ተቀጣጠለ፤ ከጨርቆቿ ላይ ላንሳው ስትል ቀኝ እጇ ተቃጠለ።

ዛሬ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ሱቁ መጣች።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «ደክመህ የሠራኸውን ስልክ አቃጠልኩት። ‹ጨርቅ ላይ ቻርጅ አታድርጊ› ስትለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ባትሪው ከስሎ ቀርቷል። ግን ያቺ እጅ የትምህርት ቤት ልብሱን ሁሉ የሰፋችለት እጅ ናት። አፈረ፤ ራሱን ጠላ።

«አክስቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። መርፌውንም፣ ፕላስተሩንም፣ እያወቀ ማድረጉንም ነገራት።

ስድብ ጠበቀ። በጥፊ ብታጮለው ደስታው ነበር። አክስቱ ግን፣ «የስንት ሰው ስልክ እንዲህ አድርገሃል?» አለችው።

«እኔ እንጃ… ብዙ ነው።»

«ጎረቤቱን ሁሉ ወዳንተ የላክሁት እኮ እኔ ነኝ። ‹ልጄ ነው፣ እመኑት› እያልኩ።» ብድግ አለች። «በል ሱቅህን ቆልፍ። ቤት ለቤት እንዞራለን።»

ባትሪዎቹን የሚከትበት ደረቅ አሸዋ በብረት ባልዲ ይዞ ተከተላት። የመጀመሪያውን በር የከፈተችው አንዲት ወጣት እናት ናት። ስታየው ፊቷ በራ።

«ውይ ዶክተር! እጅህ ይባረክ። ስልኬን ከሠራህልኝ ወዲህ ልጄ ያለ ዘፈን አልተኛም ብሏል። አሁንም ቻርጅ ላይ ሰክቼ ትራሱ ሥር አድርጌለት ነው የመጣሁት።»

ዶክተር ሰላምታዋን እንኳ ሳይመልስ ወደ ውስጥ ሮጠ።