አዴ ሃቢባ ቤት አንበር ሲሸት

ልጅ እያለሁ በእኛ ሰፈር አንበር የሚሸተው ሰው ከመንገድ ሲገባ ብቻ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጄ ቤዛ፣ እናቷ ከዶሎ ኦዶ የላከችላትን የአንበር ሽቶ በቀትር ፀሐይ አንገቷ ላይ ፊሽ ፊሽ ታደርግና ባጃጅ ውስጥ ዘላ ትገባለች። «በዚህ ሙቀት አንበር? ሰዉን ልታፍኚው ነው እንዴ!» እላታለሁ። «አያቴ ደግሞ፣ ሽቶ ሰዓት አለው?» ትለኛለች። አለው እንጂ። ግን ያን ለማስረዳት ከአዴ ሃቢባ መጀመር አለብኝ፤ ከአዴ ሃቢባ ከጀመርኩ ደግሞ ልጅቷ ትምህርት ቤት ይረፍድባታል። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለእኩዮቼ ላውራው።

የያኔዋን ነገሌ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ቀይ አፈሯ ነጭ ልብስ አይወድም። እናቴ ያንን ቀይ አፈር ከካምፕ ወታደሮች ልብስ እያስለቀቀች ነው ያሳደገችኝ። አባቴም ወታደር ነበር አሉ። ዳዴ ሳልል ሄደ፣ የት እንደቀረ የነገረን የለም። እኩዮቼ ጠዋት ደብተር ይዘው ሲሮጡ እኔ ጀሪካን ይዤ ቦኖ እሰለፍ ነበር፤ ትምህርት ቤትን የማውቀው ከአጥሩ ውጭ ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት ነው። ከቦኖ መልስ የምውለው ግን አዴ ሃቢባ ቤት ነበር። ጎረቤታችን ናት፤ አዴ ማለት በእኛ ሰፈር እንደ እትዬ ነው፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ገበያ ላይ ሂና፣ ሳሙና፣ ዶቃና የዘይት ሽቶ ትሸጣለች። ልጅ አልነበራትም። ያኔ ገና ወጣት ስለነበረች አንቱ ስላት ትቆጣኛለች፤ «ምነው ጽጌ፣ አሮጊት አደረግሽኝ?»

ባሏ ጋሼ አብዲ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ወደ ዶሎ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ድንበሩን ይሻገራል። ከተማው ዳር ሲደርስ ሦስት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። ያን ጊዜ አዴ ሃቢባን ማየት ነበር! ትታጠባለች፣ አረንጓዴ ድሪያ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ለእግሩ መታጠቢያ በማንቆርቆሪያ ውሃ ሞልታ በሩ ሥር ታስቀምጣለች፤ መጨረሻ ላይ ከሳጥኗ ብልቃጧን ታወጣለች። አንበሩ እንደ ማር ወፍራም፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቅባት ነው። በክብሪት እንጨት ጫፍ አንድ ጠብታ ታነሣና ከጆሮዋ ኋላ፣ ከዚያ የእጇ አንጓ ላይ፣ የቀረውን የቀሚሷ ጠርዝ ላይ ታደርጋለች። ሽታው ግድግዳውን አልፎ እኛ ቤት ይገባል። እናቴም ልብስ እያሸች «ሃቢባ ሰውዬዋ ገባላት» ትላለች። ከዚያ የሰፈሩ ሴቶች ወሬ ሊሰሙ፣ ዶሎ ያለ ዘመዳቸው በሰላም እንዳለ ሊጠይቁ ይመጣሉ።

እኔን አጠገቧ አስቀምጣ ታስተምረኝ ነበር። «ኮቱ፣ ነይ፣ አሽትቺ። መጀመሪያ ምን አለሽ?» ማር ማር ይለኛል። «ትንሽ ቆይተሽ ደግሞ አሽትቺ።» ፀሐይ ያሞቀው ቆዳ። «አሁንስ?» አሁንማ የሰው አንገት፣ የሚያቅፍሽ ሰው አንገት ይሸታል። አንበር እንደ ሌላው ሽቶ አይቸኩልም፤ ገላ ላይ ተቀምጦ ገላሽን ይመስላል። ሕጉንም ነግራኛለች። በሙቀት አይቀባም፣ ይከብዳል፤ ብርድ፣ ጥላና ዝናብ ይወዳል። ከሌላ ሽቶ ጋር አይደባለቅም። ለቅሶ ቤት ተቀብቶ አይሄድም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሰውዬው መንገድ ላይ እያለ ብልቃጡ አይከፈትም። «አንበር የሚቀባው ሰው ሲመጣ ነው፣ ኢንታላ ኮ» ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው።

በዚያ ዓመት ቦና፣ ደረቁ ወራት ላይ፣ ጋሼ አብዲ አዲስ ብልቃጥ አምጥቶላት ተመልሶ ወረደ። ማዶ ሶማሌ አገር ተተራምሷል ይባል ነበር። ዝናቡ ገባ፣ ክላክሱ አልተሰማም። ግንቦት ላይ መንግሥት ተለወጠ፤ ወታደሩ በእግሩም በመኪናውም ተበትኖ በከተማችን አለፈ። እናቴ ያጠበችው ልብስ ግቢያችን ገመድ ላይ እንደተሰጣ ቀረ፣ ባለቤቶቹ አልመጡም። ስንት ቀን ሙሉ ያ ሁሉ ሸሚዝ ሰው ሳይኖርበት እጁን ያወዛውዝ ነበር! ነፋስ ሲነሣ በዚያ ማለፍ እፈራለሁ። አንዱ ሸሚዝ የአባቴ ይመስለኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

አዴ ሃቢባ ከሳች። ገበያ ተቀምጣ ሰው ሰላም ሲላት «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ትላለች፣ ዓይኗ ግን የዶሎ መንገድ ላይ ነው። እኔ ደግሞ በልጅ ጭንቅላቴ አሰብኩ። አንበር ሲሸት ሁልጊዜ ሰው ይመጣል፤ ሳይሸት ማንም አይመጣም። እንግዲያው ሰውዬው የቀረው አንበሩ ስላልሸተተ ነው! ከፍቼ ብቀባው ይመጣል። ምናልባት፣ ማን ያውቃል፣ የእኔም አባት አብሮ ይመጣል።

እሷ ገበያ በሄደችበት አንድ ረፋድ ሳጥኑን ከፈትኩ። የአዲሱ ብልቃጥ ክዳን በሰም የታሸገ ነበር። በጥርሴ ስታገለው ድንገት ተፈናጠረና ብልቃጡ ከእጄ ወደቀ። እስካነሣው ሳጥኑ ያለበት ጥግ የአፈር ወለል ጠጥቶ ጨረሰው። ቤቱን ሽታው ሞላው። በሩን አልፎ፣ ግቢውን አልፎ መንገድ ወጣ። ከውጭ የአንዲት ሴት ድምፅ ሰማሁ፤ «አብዲ ገባ! ኧረ አብዲ ገብቷል!» ከዚያ እልልታ። ወዲያው አንዷ ወደ ገበያ ስትሮጥ ነጠላ ጫማዋ ሲማታ ይሰማኛል።

አዴ ሃቢባ በአንድ እግሯ ጫማ ደረሰች፤ ሌላው መንገድ ላይ ቀርቷል። በሩ ላይ ቆማ «አብዲ?» አለች። ያቺን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። ከዚያ እኔን አየች፣ ብልቃጡን አየች። ከኋላዋ እልልታው አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ።

«እኔ… ልጠራው ብዬ ነው» አልኳት።

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ወደ ሴቶቹ ዞራ «ልጅ ነች፣ ሂዱ» አለቻቸው። ከዚያ እርጥቡ ወለል አጠገብ ቁጭ ብላ መዳፏን አፈሩ ላይ አሳረፈች። «አንበር ሰው አይጠራም፣ ጽጌ። የመጣውን ነው የሚቀበል» አለችኝ።

ሐጋያ መጣ፣ አጭሩ ዝናብ። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን እንደመታ ያ ጥግ ማሽተት ጀመረ። እርጥበቱ አንበሩን ከአፈሩ ቀሰቀሰው። አዴ ሃቢባ የጀመረችውን ወሬ አቆመች፤ ተነሣች፤ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ በሩ ሥር አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ በዘነበ ቁጥር እንዲህ ሆነ። ወለሉን ስትለቀልቅ ያንን ጥግ ትታ ታልፋለች። አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ሄጄ ማንቆርቆሪያው ጎድሎ፣ ደፉ ላይ ውሃ ፈስሶ አገኘሁ። ድመት ይሆናል። ድመት ነው ብዬ ነው እስከ ዛሬ የማድረው።

በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ መጣ፣ ሽታው አልመጣም። አልቆ ይሆናላ፣ አፈርስ ምን ያህል ይይዛል? አዴ ሃቢባ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ጥጉ እያየች ዝናቡ እስኪያልቅ ቆመች። ይህንን መቻል አቃተኝ። ለሚቀጥለው ዝናብ ገበያ ካሉ አንድ ሽማግሌ የሽቶ ነጋዴ አንበር በጥጥ አስነክሬ መጣሁና፣ ልትሰግድ ስትታጠብ ጥጉን በደንብ አሸሁት። ሲዘንብ ሸተተ። እሷም ውሃውን አስቀመጠች። እኔም ያረፍኩ መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ሹፌር መጥቶ የጋሼ አብዲ መኪና ከድንበሩ ማዶ፣ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ባዶዋን ቆማ ማየቱን ነገራት። ዘመዶቿ ዱዓ ይደረግ፣ ሐዘንሽን ተቀመጪ፣ ወጣት ነሽ አግቢ አሏት። «ቤቴ አንበር እየሸተተ ሐዘን አልቀመጥም» አለች። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ሴትዮዋን ከሞተ ሰው ጋር ያሰርኳት እኔ ነኝ። መንገርም መግደል መስሎ ታየኝ፣ ዝም ማለትም።

እኔ ቶሎ ተዳርኩ፣ ሩቅ ያለችው አሬሮ ከተማ ገባሁ፣ ወለድኩ። ግን በየዓመቱ ዝናብ ሊገባ ሲል ጥጤን መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬ ነገሌ እመጣ ነበር። ሰዉ «ጽጌ ለጎረቤት እንኳ እንዴት ያለች ጠያቂ ናት» ይላል። አዴ ሃቢባ በጭቃ የተለወሰ እግሬን አይታ፣ «በይ በዚያ ውሃ ታጠቢ፣ ዝም ብሎ ከሚደፋ» ትለኛለች። በሰው ውሃ፣ ለሌላ ሰው በተቀመጠ ውሃ እየታጠብኩ አንገቴን እደፋለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ አለፈ።

የመጨረሻው ሐጋያ ላይ ታማ አልጋ ይዛ ነበር። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ወደ ጥጉ ተንበርክኬ ጥጤን ፈታሁ።

«ጽጌ» አለችኝ። «የዘንድሮው ብስኩት ብስኩት ይላል። ከማን ነው የገዛሽው?»

እጄ አፈሩ ላይ ቀረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው፣ አዴ?»

«ከመጀመሪያው ነዋ! የአብዲን አንበር እኔ ሃቢባ ልስተው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ሐዘን እንዳትቀመጪ ያደረግኩሽ እኔ፣ እንዳታገቢ ያደረግኩሽ እኔ…»

«አሁን አንቺ ነሽ እኔን ከማግባት የምትከለክዪኝ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባት። «አላገባሁም፣ አልፈለግኩማ። ሐዘኔንም ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ሹፌሩ የነገረኝ ቀን አውቄዋለሁ፣ አይመጣም።»

«ውሃውንስ? ውሃውን ለማን ነበር የምታስቀምጪው?»

አየችኝ። «ከአሬሮ ድረስ በዝናብ፣ እግሩ ጭቃ ሆኖ በየዓመቱ ይመጣ የነበረው ማን ነው?»

ውጭ ዝናቡ ጀመረ። «አፈሩ ይብቃው» አለችኝ። «የተረፈውን ከጆሮዬ ኋላ አድርጊልኝ። ሰው ገብቷል።»

የዝናቡ ወራት ሳያልፍ አረፈች፣ በዚያው ሳምንት። ቤቱን ዘመዶቿ ሸጡት፤ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፣ ዛሬ ሞባይል ይጠገንበታል። እኔም ባሌ ሲሞት ወደ ነገሌ ተመለስኩ። ሲዘንብ በዚያ ሳልፍ ጣሪያው ሥር እጠለላለሁ። ወጣቶቹ «እማማ፣ ግቡ» ይሉኛል፤ አልገባም። ከሲሚንቶ ሥር ሆኖ እንዴት ይሸታል ብትሉኝ አላውቅም፤ ይሸተኛል። የሚሸተኝ ያ ብስኩት ብስኩት የሚለው የእኔው አይደለም። የመጀመሪያው ነው።

ያኔ አንድ ጠብታ ለአንድ ሰው መመለስ ይጠበቅ ነበር። ዛሬ ብልቃጡ እንደ ልብ ነው፤ የሚጠበቅ ሰውም ቢኖር በስልክ «ደረስኩ» ይላል። ደግ ነው። ማንም በአንበር ሽታ ብቻ ተታልሎ በአንድ እግር ጫማ እንዳይሮጥ እወዳለሁ።

ባለፈው ግን ቤዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ባጃጁ መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ ሩቅ ጥሏት፣ ርሳ ደረሰች። ጠዋት ያደረገችው አንበር ዩኒፎርሟ ላይ ተቀስቅሶ ከእሷ ቀድሞ ገባ። እኔ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ተነሥቻለሁ፤ ሳየው ማንቆርቆሪያ ሞልቼ በሩ ሥር አስቀምጫለሁ።

«አያቴ፣ ማን ሊመጣ ነው?» አለችኝ።

«አንቺ መጣሽ አይደል? በይ እግርሽን ታጠቢ።»

ታጠበች። ውሃው ግን ለአንድ ሰው እግር በዝቶ ነበር። የተረፈውን አልደፋሁትም። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ይቀመጥ ብዬ ተውኩት።