የጥንቸሉ ምስክርነት

የወሰደችውን ማዳበሪያ ገበያ አውጥታ ሸጠች ተብያለሁ። ያለኝ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ነው፤ ያውም በስብሰባ፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ እየሰሙ። ማስረጃው የበቆሎዬ ቢጫነት ነበር። አልሸጥሁም፤ በእነዚህ እጆቼ ነው ሥር ሥሩን የጨመርሁት። ይህ ይጻፍልኝ።

ቢጫ መሆኑን አልካድሁም፤ ዓይን አለኝ። ግን በቆሎው የገረጣበት ሁሉ ሌባ ነው የሚል ሕግ ከየት መጣ? ባለሙያው ለከርሞ ማዳበሪያ ከሚወስዱት ዝርዝር እንደሚያወጣኝ ነገረኝ።

በዚያ ሰሞን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ በየማሳው ቅጠል ትለቅም ነበር። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራባቸውን ፕሮቲኖች ነው የማጠናው አለችኝ። የእኔንም እዪልኝ ብዬ ለመንኋት፤ ቅጠል ይዘው ይምጡ አለች። እኔም እንዳይበሰብስ ብዬ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ በነጠላዬ ቋጥሬ ከአገራችን ከቡሬ በመኪና ወሰድሁላት። ስፈታው ሳቋን መያዝ አቃታት።

«እናቴ፣ ጌሾ ነው እንዴ? ጠላ ልንጠምቅ ነው?»

«አፈር ብይ! እንዲቆይልሽ ብዬ ደክሜ!»

ሲደርቅ የምትፈልገው ነገር እንደሚበላሽ አስረዳችኝ፤ በማግስቱም በረዶ የሞላ ሣጥን ይዛ ማሳዬ ድረስ መጣች። ከእኔ ቆርጣ ልትሄድ ስትል ያዝኋት። በአንድ ወገን ቃል አይፈረድም። ከአረንጓዴው የጎረቤቴ ማሳም ውሰጂ፣ ማዳበሪያ አልፈልግም ብሎ ባዶውን ከዘራው ሽማግሌም ውሰጂ አልኋት። ሣጥኗን እያነሣች «እርስዎ ቢማሩ ኖሮ እኔን ያስተምሩኝ ነበር» አለች።

«ፕሮቲኑን በምን ታውቂዋለሽ?» አልኋት።

«ለጥንቸል አንዱን ፕሮቲን በመርፌ እንሰጠዋለን። ደሙ ያንን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ያወጣል። ከደሙ እሱን እንወስዳለን፤ ከቅጠሉ ጭማቂ ጋር ስናገናኘው የሚያውቀውን ፈልጎ ይጣበቃል።»

«ሥጋውን የማንበላው እንስሳ ነው የሚመሰክርልኝ?»

«መብላት የለብዎትም፤ ማመን ብቻ ነው።»

መስከረም ላይ ተመልሳ መጣች። እኔም ባለሙያውን አስጠራሁት። ከምርመራው ባመጣችው ፎቶ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ የጥንቸሉ ደም ለይቶ የያዘው ፕሮቲን ነው፣ ሲበዛ ይወፍራል። ማዳበሪያ ሲጎድል ቀድሞ የሚቀጥነው የትኛው እንደሆነ በጣቷ አሳየችን፤ የሽማግሌው መስመር ክር አክሎ ነበር፣ የእኔ ግን ከአረንጓዴው እኩል ወፍሯል። የደከመብኝ ሌላ መስመር ነው፤ ቢጫነቱም ከዚያ ነው። አፈሩ ይመርመር፤ ኮምጥጦ ከሆነ ኖራ ያስፈልገዋል አለች።

ባለሙያው ፎቶውን ገልብጦ አየው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በቃ እማማ፣ ይቅርታ» አለኝ።

«በጆሮዬ አይደለም ያዋረድኸኝ» አልሁት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ተሰበሰበ። እሱም ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀና መልሱን ሰጠኝ፦ «እማማ ማዳበሪያውን ጨምረዋል። ሳላጣራ የተናገርሁት እኔ ነኝ። ስማቸው ከዝርዝሩ አይወጣም።»