ቴሌግራም ይሁን ኢሞ ስንባባል

ዛሬ ከሰኞ ገበያ ስመለስ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እማማ ዘሀራ ቤት ጎራ አልኩ። በሩን ነካ ሳደርገው ተከፈተ።

አልጋ ላይ ናቸው። ትኩሳቱ ከንፈራቸውን አድርቆታል፣ ውሃ የሚያቀብል ሰው የለም።

የቅሬያችን (የእድራችን) ሴቶች ብቻቸውን የሚኖሩትን እኒህን እናት በተራ ልንጠይቃቸው ተስማምተን ነበር። ከዚያ ክርክሩ መጣ፤ ቴሌግራም ይሁን ኢሞ? በመጨረሻ ከመካከላችን ኮምቦልቻ ያለችው እህታችን ቴሌግራም ላይ ግሩፑን ከፈተችው። ለፎቶው ደግሞ አበባ ይሁን ጨረቃ ብለን ተጨቃጨቅን። (አበባው አሸነፈ፣ ማሻ አላህ!)

ማን በየትኛው ቀን ይሂድ ያለ ግን የለም። ሁላችንም ሌላዋ ሄዳለች ብለን ተቀመጥን። እሱን አስቀድመን ብንነጋገር የስልኩ ጉዳይ ኋላ ይደርስ ነበር።

«እማማ፣ በሩን ለምን አልቀረቀሩትም?» አልኳቸው ውሃ እያጠጣኋቸው።

«ልንጠይቅሽ ነው ብላችሁ የለ፣ ልጄ? ስትመጡ ተነስቼ መክፈት ቢያቅተኝስ ብዬ ነዋ።»

ወላሂ፣ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ይህን የምጽፈው ጤና ጣቢያ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው፤ ጉሉኮስ ተደርጎላቸዋል። ግሩፑ ላይ «ነገ ማን ይመጣል?» ብዬ ነበር። እስካሁን የመጣልኝ «አላህ አፊያቸውን ይመልስ» ብቻ ነው።

እናንተስ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ፣ ብቻዬን ከበደኝ።