ባለ ቢላዋው ሐዋርያ

ጣሊያን ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ እዚህ ሶዶ ለቤተ ክርስቲያናችን የጸሎተ ሐሙስን ራት እንድሥል ታዘዝኩ። አለቃው ከአዲስ አበባ የመጣ የታተመ ሥዕል ሰጡኝ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ ስመ ጥር ጣሊያን የሣለው ነው አሉኝ። «እንዳለ ገልብጠው።»

ገልብጠው ማለት ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው ግን በጎኑ ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይሄ ፈረንጅ ግማሾቹን ሐዋርያት በጎን አዙሯቸዋል። አክሊለ ብርሃን እንኳ ለአንዳቸውም አልሠራም። ታዲያ ይሁዳ የቱ ነው? ሰውዬውን እንዲህ ስመ ጥር ያደረገው ምኑ እንደሆነም ግራ ገባኝ።

ሁለት ሳምንት ወረቀቱ ላይ ሳፈጥ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንዱ ከኋላው ቢላዋ ይዞ አየሁት። በጌታ ማዕድ ቢላዋ የሚደብቅ ሌላ ማን ይሆናል ብዬ፣ አንድ ዓይን ሰጥቼ ፊቱን አጠቆርኩት። ለቀሩት ሁለት ሁለት ዓይንና አክሊል አደልኳቸው። ኮርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

ሕዝቡም ወደደው። ከገሱባ ድረስ ለንግሥ የሚመጡት ሳይቀሩ የባለ ቢላዋውን ዓይን በእሾህ ይጭሩት ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ከአጠገቡ ያለውን፣ ቋጠሮ የጨበጠውን ሐዋርያ መረጠች። ከተጋባን ስድስት ዓመት ልጅ አላገኘንም። «ይሄ ዝምተኛ ነው፣ ይሰማኛል» ብላ የልብሱን ጫፍ እየሳመች ስእለት ተሳለች። በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድን።

ጣሊያን ከገባ በኋላ አንድ መኮንን ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ሥዕሉን ሲያይ የአገሩን ሥራ ለየውና ሳቀ። ባለ ቢላዋው ጴጥሮስ ነው፤ ይሁዳ ያ ቋጠሮ የያዘው ነው፣ ቋጠሮውም ጌታን የሸጠበት ብር ነው አለኝ። ጠላት ነውና ልመነው አልመነው ጨነቀኝ። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ሳየው ግን ፊቱ ጥላ ውስጥ የገባው ያ ባለ ቋጠሮው ነበር፤ ሰውዬው አልዋሸም። ይህን ሁሉ ዘመን የጴጥሮስን ዓይን ያስጫርኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ፣ ፈራሁም።

በማግስቱ ቀለም በጥብጬ ለጴጥሮስ ሁለት ዓይን ሠራሁለት። አንድ ዓይኑን ላጠፋ ወደ ባለ ቋጠሮው ስዞር ባለቤቴ ልጃችንን አዝላ ከሥሩ ቆማለች። የሰማሁትን ነገርኳት።

«እንግዲያ ያን ጊዜ የሰማኝ ማን ነው?» አለችኝ።

እግዚአብሔር ነዋ ልላት ስል ጀርባዋ ላይ ያለችውን ልጃችንን አየሁ። ቀለሙን ደፋሁ። ዓይኑን አላጠፋሁበትም።